የማትወስደው መቼ ነው?

ዶክተር ፋኢዛ ለክሊኒካችን ፋርማሲስት ልትቀጥር መሆኑን ስትነግረኝ፣ «ምን ላይ ደርድሮ ነው የሚሸጠው? መደርደሪያ እንኳ የለን» አልኳት። «አይሸጥም» አለችኝ። «መድኃኒቱን ሰዎቹ እንደ ድሮው ከመንገዱ ማዶ ይገዛሉ። እሱ አብሯቸው ቁጭ ብሎ ስለሚውጡት ነገር ያወራል።» መድኃኒት የማይሸጥ ፋርማሲስት በዕድሜዬ ሰምቼ ስለማላውቅ ሳቅኩ። ሳቄን የዋጥኩት የት እንደሚቀመጥ ስትነግረኝ ነው። የእኔን ዕቃ ክፍል ሰጥታዋለች።

ለሌላው ሰው ያቺ ክፍል መጥረጊያና ባልዲ የሚቀመጥባት ጠባብ ጎሬ ነበረች። ለእኔ ግን ቀትር ላይ ጅቡቲ በሙሉ በሩን ዘግቶ ሲተኛ ምንጣፌን ዘርግቼ ጎኔን የማሳርፍባት፣ ጫማዬን አውልቄ ከሰው ሁሉ የምገላገልባት ቤቴ ናት። እሺ አልኩ፤ ምን ልል እችላለሁ። ማራገቢያዬን ግን ይዤ ወጣሁ። በሐምሌ ሙቀት፣ ባልባላ ሰፈር ውስጥ፣ ያለ ማራገቢያ ስንት ወሬ እንደሚያወራ እናያለን አልኩ በልቤ።

ክሊኒካችን ወደ ሃያብለ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። የወደብ ቀን ሠራተኞች ይመጣሉ፤ የሶማሌና የአፋር እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ይመጣሉ፤ በየሰው ቤት ተቀጥረው የሚያድሩ የእኛ አገር ሴቶች ይመጣሉ፤ ዶራሌ ወደብ ወረፋ የሚጠብቁ የእኛ አገር ሾፌሮችም ይመጣሉ። ዶክተር ፋኢዛ የጅቡቲ ልጅ ናት። ፈረንሳይኛ፣ ሶማሊኛ፣ ዓረብኛ እንደ ውኃ ይፈስላታል። ከአማርኛ የምታውቀው «እሺ» እና «አይዞሽ» ብቻ ነው፤ «አይዞሽ»ን ጺም ላለው ሾፌርም ትለዋለች። ስለዚህ እኔ እንግዳ ተቀባይ ተብዬ ብቀጠርም፣ አማርኛ ተናጋሪ በመጣ ቁጥር ወንበሬን ትቼ አስተርጓሚ ሆኜ እገባለሁ። የስንቱን ሆድ ድርቀት፣ የስንቱን እንቅልፍ ማጣት ወደ ሶማሊኛ እንደመለስኩ እግዜር ይወቅ።

ፋርማሲስቱ ከይረዲን ይባላል። የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ ሃምሳን የተሻገረ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ዝግ ያለ። ገና በመጀመሪያው ቀን ክፍሏን ዞር ዞር ብሎ አያትና፣ ግድግዳው ላይ ማራገቢያው የነበረበትን ባዶ ቦታ ሲያይ ቆየ። ከዚያ ወደ እኔ ጠረጴዛ ተመለከተ። ማራገቢያዬ እዚያ ቆሞ ፀጉሬን እያውለበለበ ነበር። ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ሥራውን ጀመረ። እንዲህ ዓይነት ሰው ደግሞ ያናድደኛል፤ ቢቆጣ እኮ እመልስለት ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። በሽተኛው ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዞ እንዲመጣ ይነገረዋል። ከይረዲን ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ይዘረግፈዋል። ጉድ የሚታየው ያኔ ነው፤ ጎረቤት የሰጠችው፣ ልጅ ያስተረፈው፣ ቀለሙ ስላማረ ብቻ የተቀመጠ፣ በመሀል ደግሞ ቁልፍና የጆሮ ጌጥ። ሰው እንዳያፍር እያጫወተ ሲለቅም ይቆይና በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። እኛ ሁልጊዜ «መድኃኒትህን እየወሰድክ ነው?» እንላለን፤ መልሱም ሁልጊዜ «አዎ» ነው። እሱ ግን አንዱን ክኒን ብድግ ያደርግና፣ «ይሄን የማትወስደው መቼ ነው?» ይላል። በቃ፤ እንደማይወስደው አስቀድሞ የገባው፣ የገባውም ያልከፋው ሰው ሆኖ ነው የሚጠይቀው። ፈረንጅ ቤት የምትሠራው ውቢት ስንት ጊዜ «አዎ እወስዳለሁ» ስትለን ከርማ፣ እሱ ሲጠይቃት «እንግዳ የሚመጣ ቀን፤ ያደነዝዘኛል፣ ሳህን እሰብራለሁ» አለችው። እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በሩን ለሙቀቱ ክፍት ስለሚተወው ሁሉን እሰማ ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። ባሌ ጎሳዬ ይባላል። ከሞጆ ዶራሌ እየተመላለሰ ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና ይነዳል። ወር ሙሉ ጠብቄው ነው የማየው። ሲመጣ ሃያብለ ያለችው ቤታችን ጠባብ መሆኗን እረሳለሁ። የየመን ዓሣ እገዛለሁ፣ ግቢውን ውኃ አርከፈክፋለሁ፣ ጎረቤቶቼ «ዛሬ ደግሞ ምን ሆነሽ ትዘፍኛለሽ?» ይሉኛል። ጎሳዬ ብዙ አያወራም። ገብቶ ጫማውን ያወልቅና «እንቁዬ» ይላል፤ እሷን ብቻ። ለእኔ ትበቃኛለች።

የደም ግፊት እንዳለበት ያወቅነው እዚሁ ክሊኒካችን ነው። ዶክተር ፋኢዛ አንድ መድኃኒት አዘዘችለት። በሚቀጥለው ሲመጣ ግፊቱ ያው ነው። ሌላ ጨመረች። ቀጥሎ ሲመጣ ብሶ ተገኘ። መጠኑን ከፍ አደረገች፣ ሦስተኛ ጨመረች። በየጊዜው «ይወስደዋል?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ ወደ አማርኛ ሳልመልሰው «ይወስዳል ዶክተር!» እላታለሁ። እንዴት አልልም? ክኒኖቹን በእጄ ሻንጣው ውስጥ የምከትለት እኔ ነኝ። ጨው ከወጡ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ «የሆስፒታል ምግብ ታበይኛለሽ» እያለ ይበላልኛል። ጎሳዬም በሽተኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ እጁ ላይ ያለው ጨርቅ ሲነፋ ያያል እንጂ ምንም አይልም።

ከዚያ አንድ ቀን ከመንገድ ደወለልኝ። «ሚሌን አለፍ ብዬ ዓይኔ ጭልም አለብኝ። መኪናውን ጥግ አስይዤ ትንሽ ተኛሁ። ሙቀቱ ነው፣ አታስቢ» አለኝ። አታስቢ ሲሉኝ የማላስብ ሴት አይደለሁም። ያን ሁሉ ጭነት ከኋላው እየጎተተ ቁልቁለት ላይ ዓይኑ ቢጨልምበትስ? ሮጬ ለዶክተር ፋኢዛ ነገርኳት።

ዶክተር ፊቷ ተለወጠ። «ይሄ ነገር አይገጥምልኝም» አለች። «እኔ ጋ ሲመጣ ግፊቱ ከፍ ያለ ነው፤ መድኃኒቱ ምንም አልሠራም። መንገድ ላይ ደግሞ የሚያዞረው መድኃኒት የበዛበትን ሰው ነው። እንቁ፣ ከዚህ በላይ ልጨምርለት አልችልም። ምክንያቱን ሳላውቅ ደግሞ መሪ ይዞ እንዲወጣ አልፈቅድም፤ ራሱንም ሌላ ሰውንም ይገድላል። ሲመጣ መጀመሪያ ከከይረዲን ጋር ይነጋገር።»

መሪ ካልያዘ ጎሳዬ ምን ሊሆን ነው? ከመንዳት ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። መሪ ከያዘ ደግሞ አንድ ቀን ስልኩ ሲጠራ የሚያወራኝ ሌላ ሰው ይሆናል። እስኪመጣ ድረስ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየሁም።

መጣ። መኪናውን ዶራሌ ወረፋ ላይ አቁሞ፣ ቢጫ ፌስታሉን አንጠልጥሎ፣ በላብ ተነክሮ። እንደ ልማዴ ከወንበሬ ተነስቼ አብሬው ወደ ከይረዲን ክፍል ሄድኩ። ከይረዲን በሩ ላይ ቆመ።

«አቦ እንቁ፣ ወዴት ነው?»

«ላስተረጉም ነዋ!»

«ከአማርኛ ወደ አማርኛ?» አለኝና በሩን ዘጋው።

ወረፋ የሚጠብቁት ሳቁ። ደሜ ፈላ። ያንን በር ክፍሏ የእኔ ከነበረች ጊዜ ወዲህ ተዘግቶ አላየሁትም፤ በዚያ ሙቀት፣ ያለ ማራገቢያ፣ ሁለት ትልልቅ ወንዶች ዘግተው ተቀመጡ። ጆሮዬን ጣል ባደርግ የጎሳዬ ድምፅ ይሰማኛል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ያ አይናገርም የምለው ሰውዬ ያወራል፣ ያወራል። ከእኔ ጋር እንዲህ አውርቶ ያውቃል? ሰው «ቦንዡር» ሲለኝ አልመልስም፣ ስልክ ሲጮኽ አላነሳም።

በመጨረሻ ከይረዲን ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ወጣና፣ እኔን ሳያይ በቀጥታ ዶክተር ዘንድ ገባ። ቆይቶ ጎሳዬን ጠራው። አማርኛውን ያስተረጎመው እሱ ነው፤ እኔን ማንም አልጠራኝም። ሲወጡ ዶክተር ፋኢዛ ከሦስቱ መድኃኒቶች ሁለቱን አውጥታ ሌላ ተክታለት ነበር። መኪናው ወረፋ ላይ እስካለ ድረስ በየቀኑ እየመጣ እንዲለካ፣ ግፊቱ ካልተስተካከለ ግን ከጅቡቲ ንቅንቅ እንዳይል አለች። ከዚያ እኔን አየችኝና ከንፈሯን ነከስ አደረገች። ጎሳዬ ደግሞ ዓይኔን ሸሽቶ «እንግዲህ ወረፋዬን ልጠብቅ» ብሎ ሄደ።

ማታ ጠየቅኩት፤ «የመድኃኒት ጉዳይ ነው» አለ። በማግስቱም ጠየቅኩት፤ «አልኩሽ እኮ» አለ። ከዚያ ወዲያ ሐሳብ በላኝ። ባሌ ሾፌር ነው። ሾፌር ከሚስቱ ደብቆ ከሐኪም ጋር የሚያወራው ምንድን ነው? አንድ ሺህ ነገር አሰብኩ፤ ሺሁም ቀሚስ ለብሶ፣ መንገድ ዳር ቆሞ፣ ጎሳዬን በስሙ ይጠራዋል። ወይ ሴት አለችው፣ ወይ ከሴት ያመጣው በሽታ አለ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ቀትር ላይ ክሊኒኩ ሰው ሲያጣ ከይረዲን ፊት ሄጄ ቆምኩ።

«ባሌ ምን አለህ?»

ፎጣውን ከአንገቱ አውርዶ አጠፈው። «የበሽተኛ ነገር ነው እንቁ።»

«በሽተኛው ባሌ ነው!»

«ለዚያም ነው የማልነግርሽ።»

«ለዶክተር ነግረህ የለም እንዴ!»

«ፈቅዶልኝ። መድኃኒቱን የምትቀይረው እሷ ናት፤ ማወቅ ነበረባት። ለአንቺ ግን አልፈቀደልኝም።»

ይሄ አነጋገሩ ቢላ ሆኖ ገባብኝ። ክፍሌን ወስደህ፣ ሥራዬን ወስደህ፣ አሁን ደግሞ ባሌን አልኩት። ውቢትን ስታጫውት በር የማትዘጋ፣ ለእኔ ሲሆን ትዘጋለህ አልኩት። ያልተባለ ነገር ብዬዋለሁ። ስጨርስ እንባዬ መጣ፤ ያሰብኩትንም ያኔ አወጣሁት፤ ሌላ ሴት አለችው፣ አይደለም? አልኩት።

ከይረዲን ደነገጠ። እውነቱን ነው የምለው፣ ሰውዬው ክው ነው ያለው። ላቡን ጠረገ። ጎሳዬ እንዳያፍር ብሎ የጠበቀው ምስጢር እኔን እንዲህ ሊበላኝ እንደሚችል አላሰበውም ነበር። «እህቴ፣ አሁኑኑ ሄደሽ ጠይቂው» አለኝ። «እኔም ንገራት ብዬዋለሁ፤ ይፈራሻል። ስትጠይቂው ግን አትቆጪ። ከቻልሽ።»

ሚኒባስ ይዤ ዶራሌ ወረድኩ። የመኪኖቹ ሰልፍ መጨረሻ የለውም፤ ሾፌሮቹ ጎማ ጥላ ሥር ተጋድመዋል። የጎሳዬን መኪና አገኘሁትና ጋቢናው ላይ ወጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ወንበሩ እንደ ምጣድ ይፋጃል። እኔን ሲያይ እንደ ሁልጊዜው «እንቁዬ» አለ።

«ሌላ ሴት አለችህ?»

አፈጠጠብኝ። «የት?»

«የት ብለህ እኔን ትጠይቀኛለህ? አዋሽ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ እኔ ምን አውቄ!»

ሳቀ። ዓይኔን ሲያይ ግን ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። መሪውን በሁለት እጁ ያዘው፤ መኪናው ቆሞ እያለ መንገድ መንገዱን ያያል።

«ሎጊያ ላይ ያለው ሌላ ነገር ነው» አለ። «ወደዚህ ስመጣ ሎጊያ ስደርስ መድኃኒቱን አቆማለሁ። እዚህ እስካለሁ አልውጥም። ስመለስ ድንበሩን፣ ጋላፊን፣ ስሻገር እጀምረዋለሁ።»

ዶክተር የምትለካው ታዲያ ሁልጊዜ መድኃኒት ያልወሰደውን ጎሳዬ ነው። መንገድ ላይ ደግሞ ላልወሰደው ሰው የታዘዘውን ያን ሁሉ ክኒን ባንዴ ይውጣል። ሚሌ ላይ ዓይኑን ያጨለመበት እሱ ነው። ነገሩ ገባኝ፤ ምክንያቱ ግን አልገባኝም።

«ለምን? እኔ በእጄ እየከተትኩልህ? ለምን ጎሳዬ?»

«መጀመሪያ የታዘዘልኝ ሰሞን መጥቼ፣ ደክሞኛል ብዬሽ ጀርባዬን ሰጥቼሽ የተኛሁትን ታስታውሺያለሽ?»

እንዴት እረሳዋለሁ። አስጠላሁት ብዬ በማግስቱ ሂና ተቀብቼ፣ አዲስ የድሪዓ ቀሚስ የገዛሁበት ሰሞን ነው።

«አልደከመኝም ነበር» አለ። «ሰውነቴ እምቢ አለኝ። መድኃኒቱ ነው። ሳቆመው ተመለሰልኝ። በወር አንዴ ነው የማይሽ እንቁዬ። ያን ሁሉ አገር አቋርጬ፣ በወር አንዴ መጥቼ፣ እንደ ወንድም አጠገብሽ ልተኛ?»

ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፤ ከይረዲን ያለኝ ትዝ አለኝ፤ አልቻልኩም፣ ተቆጣሁ። «ታዲያ ለዶክተሯ አትነግራትም ነበር? ስንት ጊዜ ጠይቃሃለች!»

ጎሳዬ ዞሮ አየኝ። «በማን አፍ?» አለኝ።

በማን አፍ? በእኔ አፍ ነዋ። ያ ሁሉ ጊዜ በሁለታቸው መሀል ቆሜ «ይወስዳል ዶክተር!» ስል፣ ባሌ ፊት የቆመው አፍ የሚስቱ ነበር። ግንባሬን ትከሻው ላይ አድርጌ አለቀስኩ፤ እሱም እጁን ራሴ ላይ አኖረ። በመስኮት አንድ ሾፌር አይቶን ፊቱን አዞረ።

«አንተ ቂል» አልኩት። «አንተ የተባረክ ቂል። እኔ እኮ የምፈልገው በሩ ሲንኳኳ አንተ መሆንህን ነው። ሌላውን እንፈልግለታለን፤ አንተን ግን ከየት አመጣለሁ? ሚሌ ላይ ብትቀርብኝስ?»

«እሱም እንደዚሁ ብሎኛል» አለ። «ከይረዲን። ፌስታሌን ዘርግፎ ክኒኑን አንስቶ፣ የማትወስደው መቼ ነው? አለኝ። እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ነገርኩት። አልሳቀም፣ አልተቆጣም፤ ብዙ ወንድ የሚያጋጥመው ነው አለኝ። አሁን የታዘዘልኝ በአብዛኛው ያንን አያመጣም። ካመጣብህ ደግሞ ዝም ብለህ አታቁም፣ መጥተህ ንገረኝ፣ ሌላም አለ ብሎኛል። ዛሬ ጠዋት ስለካ ዝቅ ማለት ጀምሯል።»

በማግስቱ ከሁሉም ቀድሜ ክሊኒክ ገባሁ። ማራገቢያውን ከጠረጴዛዬ አንስቼ ከይረዲን ክፍል ወሰድኩና በድሮ ቦታው ሰቀልኩት። ሲመጣ ገመዱን ሳበው፤ ዞረ። ፊቱን ወደ ነፋሱ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ። «አቦ እንቁ» አለ፤ ሌላ አልጨመረም። እኔም ያን ሁሉ ስድብ ስለሰደብኩት ይቅርታ ልለው ብዬ፣ «በሩን እንዳትዘጋው፣ ነፋሱ እንዲደርሰኝ» አልኩት።

የጎሳዬ ወረፋ ሲደርስ ዶክተር ፋኢዛ ፈቀደችለት፤ ጭኖ ሄደ። በወሩ ሲመለስ ከይረዲን ከአንዲት የአፋር እናት ጋር ስለነበር፣ ጎሳዬ ራሱ «እንቁ ትግባ» አለ። ዶክተር ጨርቁን ክንዱ ላይ ጠመጠመች፣ ነፋች፣ አየች፣ ደግማ ነፋች። ፊቷ በራ። «አይዞሽ!» አለችው። እንደ ሰው ልክ ሆኗል ማለቷ ነው።

ከዚያ ዓይኗን ከወረቀቷ ሳታነሳ በሶማሊኛ፣ «ያኛው ነገርስ እንዴት ነው? ጠይቂው» አለችኝ።

ወደ ጎሳዬ ዞርኩ። እጅጌውን እየመለሰ ነው። ትላንት ማታ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ «እንቁዬ» ያለኝ ትዝ አለኝና ጆሮዬ ድረስ ጋለ። አልተረጎምኩለትም። ራሴው መለስኩላት። ዶክተር ፋኢዛ እስክሪብቶዋን ጥላ፣ መሀረቧን አፏ ላይ አድርጋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ጎሳዬ አንዴ እሷን አንዴ እኔን እያየ፣ «ምን አለች?» አለኝ።

«መድኃኒትህን ሎጊያም ላይ ዋጥ ብላሃለች» አልኩት።